የታጎለው ቅዳሴ

ሌሊቱን ሙሉ ወላድ ሳዋልድ አድሬ፣ ረፋድ ላይ ከጤና ጣቢያው ወጥቼ ጭቃውን እየጎተትሁ ወደ ቤቴ ስሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አምሳሉ እያለከለከ ደረሰብኝ።

"እስከዳር፣ አባትሽን ጨጓራቸው ያዛቸው!"

በእኛ አገር ከአንገት በታች የሚያም ሁሉ ጨጓራ ነው። እንቅልፌ ግን ካይኔ በረረ።

ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴው ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። አባቴ ቄስ ይስማው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

"ምን ይሰማዎታል?"

"ደረቴን ድንጋይ ተጭኖኛል። ግራ እጄንም ሰቅዞ ይዞኛል። ጾሙ ነው፤ ስቀድስ ይለቀኛል።"

ግድግዳውን አስደግፌ አስቀመጥኋቸውና የቀሚሳቸውን አንገትጌ ፈታሁ።

"አባ፣ ልብዎ ነው የታመመው። እንዳይነሡ።"

ለአምቡላንስ ብደውል መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አስፋልቱ ላይ እንጠብቃለን አሉኝ። አምሳሉን ቃሬዛ እንዲያስመጣ ላክሁት። ከቦርሳዬ ደም የሚያቀጥነውን አስፕሪን አወጣሁ።

"ደም አስመልሶዎት ያውቃል? የማይስማማዎት መድኃኒትስ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ይህን ያኝኩ።"

"ከቅዳሴ በኋላ።"

የሚቀድስ ካህን ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ ክኒን ካኘከ መቅደስ አይገባም። ለቅዳሴው ደግሞ ሁለት ቄስ ያስፈልጋል፤ ያሉን አባቴና ቄስ ወልደ ሩፋኤል ብቻ ናቸው። አባቴ ከቀሩ ቅዳሴው ይታጎላል። በእሳቸው ዘመን ታጉሎ አያውቅም።

"ይሞታሉ እኮ፣ አባ!"

"ብሞትስ? መቅደሱ ውስጥ ልሙት።"

ታከተኝ። ሌሊት ልመና፣ ቀን ልመና። ከሁሉ የሚያታክቱኝ ደግሞ እኒሁ አጠገባችን የቆሙት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ነፍሰ ጡር "ብዪ" ባልሁ ቁጥር "ሕዝቡን ጾም አስፈታሽው" እያሉ ይቆጡኛል፤ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። አሁንም ያንኑ ሊሉ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

እሳቸው ግን የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን አነሡና በጣሳ ቀዱ። ለአባቴ መስሎኝ ነበር። በቁማቸው ግጥም አድርገው ጠጡት።

"ምን አደረግህ!" አሉ አባቴ።

"ጠማኝ።" ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉ። "እንግዲህ እኔም አልቀድስም። ብትነሣም ብቻህን ነህ። በል አኝክ።"

አባቴ ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱልኝ። ክኒኑን ሲያኝኩ ስሰማ እንባዬ መጣ።

ለማስቀደስ የመጡት ወንዶች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ አስፋልቱ ድረስ አደረሷቸው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ጃንጥላቸውን ከአባቴ በላይ ዘርግተው፣ እሳቸው ዝናብ እየደበደባቸው አብረው ወረዱ፤ አምቡላንሱም ውስጥ ገቡ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሐኪሙ መርምሮ "በጊዜ ደርሳችኋል፤ ይተርፋሉ" አለን። እኔ እፎይ አልሁ፤ አባቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሳሉ።

"ስንት ዘመን ያልታጎለ ቅዳሴ በእኔ ታጎለ።"

"በአንተ አይደለም" አሉ ቄስ ወልደ ሩፋኤል። ልብሳቸው ገና አልደረቀም። "አንተ ሳታኝክ በፊት እኔ ጠጥቻለሁ። ያስታጎልሁት እኔ ነኝ፤ ንስሐውም የእኔ ነው። አንተ ተኛ።"

አባቴ እንባቸውን ጠረጉ፤ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔም ተነሥቼ ስሸሻቸው የኖርሁትን ሰው መስቀል ተሳለምሁ። ከዚያ አጠገባቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልሁ ተኛሁ።