አልጎርስ ያለው ሽጉጥ

ሥዩም ሽጉጥ መሥራት የጀመረው ጠላት ኖሮት አይደለም። ጠላት የሚያፈራበት ጊዜም አልነበረው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ቦይለር ሲጠግን ይውልና፣ አመሻሹ ላይ አሌክሳንድሪያ ቤቱ ሲገባ እጁ አላርፍ ይለዋል። አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሌላው ሎተሪ ይቆርጣል፤ እሱ ብረት ይሞርዳል። ገን ሾው የሚባለውን የመሣሪያ ገበያ እየዞረ አፈሙዙን ከአንዱ፣ ቃታውን ከሌላው፣ ዋናውን አካል ደግሞ በሕጉ ፈርሞ ከሦስተኛው ገዛ። ከዚያ ቤዝመንት ወርዶ አንዱን ብረት ከሌላው ጋር ሲያላምድ ከረመ። እጀታውን ከወይራ እንጨት ጠርቦ አለበሰው።

ሚስቱ ስሂን መጀመሪያ ሳቀች። «የሰው ባል ጓዳ ይሠራል፣ የኔው ሽጉጥ ይሠራል» ትል ነበር። ኋላ ግን ቁርጧን ነገረችው፤ ብረቱን የፈለገውን ያድርገው፣ ጥይት የሚባል ነገር ግን ቤቷን እንዳይረግጥ። ሥዩም በማርያም ስም ማለላት። ለመሞከሪያ የሚጠቀመው ባሩድ የሌለውን የውሸት ጥይት ብቻ ነበር። ሽጉጡን ባነሳ ቁጥርም ከፍቶ፣ ውስጡን በትንሽ ጣቱ ዳብሶ ባዶ መሆኑን ሳያይ ለማንም አይሰጥም።

በዚያ ቤት ሌላ ሰው አለ፤ የስሂን አባት፣ አባባ ዋለልኝ። ልጃቸው በስንት ወረቀት ከመንዝ ያመጣቻቸው ሰው ናቸው። በመጡ በሁለተኛው ክረምት ስትሮክ ድንገት ጥሏቸው አንደበታቸውንና ቀኝ ጎናቸውን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ ነው የሚጎርሱት፤ እሱንም በስንት ልመና። ማንኪያው ሲመጣ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ሐኪሙ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ድረስ ምግብ ካልወሰዱ ሆዳቸውን ቀዶ ቱቦ እንደሚያስገባ፣ ከዚያ በኋላም የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም፣ መግባት እንዳለባቸው ተናግሯል። ስሂን ደግሞ አባቴ ሰው በማያውቃቸው ቤት አይሞቱም ብላለች። ሥዩምም አማቹን ይወዳቸዋል፤ አባቱን በልጅነቱ ስለቀበረ «አባባ» የሚለው ቃል ለአፉ አዲስ ነው።

አፋቸውን ያስከፈተው ሽጉጡ ነው ቢባል ማን ያምናል? አንድ ቀን ሥዩም እጀታውን ሊያሳያቸው ወደ ላይ ይዞት ወጣ። የአዛውንቱ ዓይን በራ። በደህናው በግራ እጃቸው ተቀብለው ክብደቱን መዘኑ፣ ወደ ግድግዳው አነጣጥረው ቃታውን ሳቡት፤ ቃ! አለ። በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ሥዩምም የዋዛ አይደለም፣ አፋቸው በሳቅ ሲከፈት ማንኪያውን ሰደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውል ሆነ። አንድ ቃ፣ አንድ ጉርሻ።

ሽጉጡ ራሱ ከአባባ አይሻልም ነበር። የውሸቱ ጥይት ከካዝናው ሲወጣ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርና አልጎርስም ይላል። ሥዩም ጉሮሮውን በሞረድ ይነካካዋል፣ በጨርቅ ይወለውለዋል፣ አሁንም አይጎርስም። «አንድ ቤት ሁለት በሽተኛ፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች» እያለ ከስሂን ወንድም ከብሩህ ጋር ይቀልድ ነበር።

ብሩህ በዘጠኝ ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የኮምፒውተር ሰው ነው። አባቱን «አንተ» ነው የሚላቸው። ስለ እሳቸው ሲያወራም «በላ፣ ተኛ» ነው። ይሄ ሥዩምን እንደ ጠጠር ይቆረቁረዋል። የገዛ ልጃቸው ነው፣ ምን አገባህ ቢሉትም አይሰማም።

ዓርብ ዕለት ሥዩምና ስሂን ሥራ ስለነበራቸው አባባን ሊጠብቅ የመጣው ብሩህ ነበር። ሥዩም ሲወጣ ሁለት ነገር አዘዘው፤ ለአባባ አጥሚታቸውን እንዲሰጥ፣ ጊዜ ካገኘ ደግሞ ትናንት የሞረደውን ጉሮሮ በውሸቱ ጥይት እንዲሞክረው። አባባ በዋዜማው አንዲት ማንኪያ አልቀመሱም፤ ሽጉጡንም እንኳ በእጃቸው ገፍተውታል። ስለዚህ ሥዩም ቀኑን ሙሉ ቦይለሩ ሥር ሆኖ የሚያስበው አጥሚቱን ነበር። ከሰዓት በኋላ አላስችል ብሎት ቤት ደወለ።

ብሩህ ስልኩን ያነሳው ቤዝመንት ነው። በምሳ ሰዓት ሞክሮ አባቱ ፊታቸውን ሲያዞሩበት፣ ኋላ ይራባቸዋል ብሎ ሳህኑን እዚያው ትቶ ወርዷል። የውሸቱ ጥይት ጫፉ ተበልቶ ስላስቸገረው፣ ለቅዳሜው የተኩስ ልምምድ ገዝቶ መኪናው ውስጥ ካስቀመጠው እውነተኛ ጥይት አንዲት ፍሬ አምጥቶ ነበር። አንዲት ፍሬ ምን ታመጣለች ብሎ።

«እሺ ብሩህ፣ እንዴት ሆነልህ?» አለ ሥዩም።

«ጋሼ፣ አታምነኝም! ጎረሰ!»

የሥዩም ልብ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ያ ጠጠር ቆረቆረው። «ጎረሱ አይባልም፣ አንተ ልጅ?»

ብሩህ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሼ ሥዩም በደስታ ሽጉጡን አንቱ ያለ መሰለው። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ጎረሱ! ትንሽ እንኳ አላስቸገሩም። ስሙዝ ናቸው!»

«ተመስገን! ስንት ጎረሱ?»

«አንድ ብቻ። ልጨምር?»

«የለም፣ አታስጨንቃቸው። ለዛሬ አንድም ትልቅ ነገር ነው።»

«ታዲያ ላውጣው?»

«ምኑን ነው የምታወጣው? በስንት ልመና የጎረሱትን! ዝም ብለህ ተዋቸው፣ ይረፉ። ማታ መጥቼ እኔ ራሴ አያቸዋለሁ።»

«ሹር ጋሼ፣ እንዳልክ።»

ብሩህ ሽጉጡን ከነጉርሻው በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ስለ እውነተኛው ጥይት በስልክ አላነሳም፤ ቁጣ ፈርቶ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ አለ። ደግሞስ ጋሼ ሥዩም ሳይከፍት አንስቶ ያውቃል እንዴ? እህቱ ስትገባ መኪናውን አስነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሥዩም በቤልትዌዩ አውራ ጎዳና ላይ እየዘፈነ መጣ። እሱ ዘፍኖ አያውቅም። ስሂን ጓዳ ሆና ዕቃ ስታጥብ «አባባ ጎረሱልን እኮ!» ብሎ ጮኸላት። ውሃው እየፈሰሰ ስለነበር አልሰማችውም። ደረጃውን ሮጦ ወርዶ ሽጉጡን አነሳ። ለአንዲቷ ጉርሻ ምስጋና ዛሬ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ቃ ያሰኙት ብሎ ነው። ደስታ ክፉ ነው፤ ጣቱን ያስረሳው ደስታ ነው። አልከፈተውም፣ አልዳበሰውም።

ወደ ላይ ተመልሶ «አባባ፣ ትናንት ኮሩብኝ አይደል? ይኸው» ብሎ ግራ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። አዛውንቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ስለዋሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ሥዩም ሊደግፋቸው ጎንበስ አለ። ቃ አላለም።

ጥይቱ ደረቱን ከትከሻው በታች በስቶ ወጣ። ስሂን እጇ እንደረጠበ ስትደርስ ባሏ ምንጣፉ ላይ ተዘርሯል፣ አባቷ በሌለው አንደበታቸው እየጮኹ ነው። አምቡላንሱ መጥቶ ሥዩምን ሸፍኖ ሲወስደው አባባ አዩ። ፖሊስ ሽጉጡን በላስቲክ ከረጢት ይዞ ሄደ።

ሥዩም አልሞተም። ቀዶ ጥገና አድርገውለት፣ ትንፋሹን በቱቦ እያገዙ አስተኙት፤ ስለዚህ ድምፁን በስልክ እንኳ ማሰማት አልቻለም። ብሩህ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ «ላውጣው ወይ ብዬዋለሁ እኮ» እያለ ራሱን ይመታ ነበር።

አባባን ግን ማን ያሳምናቸው? ስሂን እግራቸው ሥር ተንበርክካ «ሥዩም ደህና ነው፣ አባባ» አለቻቸው። ጎረቤቷ መጥታ «ደህና ነው፣ ትንሽ ነው የነካችው» አለቻቸው። ቄሱም መጥተው ደህና ነው አሉ። እኛ ሐበሾች ሞት ሲኖር ምን እንደምንል አባባ ሳያውቁ አላረጁም። እሳቸው ራሳቸው ለስንቱ እናት «ልጅሽ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ብለው፣ ሽማግሌ ሰብስበው፣ ሲነጋጋ መርዶ ነግረዋል። ደህና ነው ያላቸው ሰው በበዛ ቁጥር ሥዩም ይበልጥ ሞተባቸው። የልጄን ባል፣ ያጎረሰኝን ሰው በእጄ ገደልኩ ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዳግመኛ አልከፈቱትም። ቱቦ እናስገባ ሲባልም በዚያች በደህናዋ እጃቸው እየነቀሉ ጣሉት። የሥዩም ቱቦ ከጉሮሮው በወጣበት ዋዜማ አረፉ።

ለሥዩም አትንገሩት፣ ቁስሉ ይጠግግለት አሉ ሽማግሌዎቹ። ስሂን ከቀብር መልስ ጥቁሩን መኪና ውስጥ አውልቃ፣ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ገባች።

«አባባስ?» አለ ሥዩም በሰለለ ድምፅ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ደህና ናቸው።»

«ስልኩን አምጪና ላናግራቸው።»

«አሁን እኮ ተኝተዋል።»

«ጎረሱ ወይ?»

«ጎረሱ እንጂ። ዛሬማ አንድ ኩባያ ሙሉ አጥሚት ጨረሱ።»

ሥዩም አያት። አባባ ከታመሙ ጀምሮ የኩባያ ሩብ ጨርሰው አያውቁም። የስሂን ዓይን አብጦ ነበር፣ ፊቷ ግን ፈገግ ለማለት ይታገል ነበር። እንዳወቀ ካወቀች እዚህ መሬት ላይ እንደምትወድቅ ገባው።

«እሰይ» አላት። «ማር አግብተሽበት ነው?»

«ትንሽ።»

«ጨምሪበት። ማር ሲገባበት ይወዳሉ።»

«ስኳራቸው ከፍ ይላል እኮ» አለች፤ እጁን በሁለት እጇ ይዛ። ነርሷ ሰዓት ደረሰ ብላ እስክታስወጣት ድረስ ስለ ማሩ ሲከራከሩ ቆዩ።