የጎሚስታው ምእመናን

ቤተ ክርስቲያናችን ከጎሚስታ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ግድግዳው ስስ ነው። እኛ «እንጸልይ» ስንል ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል፤ ኮምፕሬሰሩ ሲያርፍ እኛ «አሜን» እንላለን። ሰው የማይለምደው የለም። በስብከት መሀል ጎማ ሲፈነዳ የሚደነብረው እንግዳ ሰባኪ ብቻ ነው፤ የኛዎቹ ወይ ፍንክች።

እኔና ባለቤቴ ከአገራችን ተልከን ወደዚህ የመጣነው ይህችን ጉባኤ ለማገልገል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋው አልገባ ስላለኝ፣ ሰው ሲያወራኝ ዝም ብዬ እየሰማሁ ራሴን እነቀንቅ ነበር። «ይሄ መምህር አዋቂ ነው፣ ሰው ያዳምጣል» ተባልኩ። ቋንቋውን ለምጄ መናገር ስጀምር ግምታቸው ትንሽ ዝቅ አለ። ባለቤቴ ግን ከደረስንበት ቀን ጀምራ በእጇም በዓይኗም እያወራች ሰፈሩን ጠቅልላ ያዘችው። ያም ሆኖ የቤታችንን መስኮት ለዓመታት የሸፈነችው በጋዜጣ ነበር። «የአገልጋይ ቤቱ ሻንጣው ነው። መቼ ተነሡ እንደምንባል ምን ይታወቃል?» ትላለች። በቅርቡ አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ ጋዜጣውን ቀዳድዳ ጥላ መጋረጃ ሰፍታ ሰቅላለች። ገባኝ፤ ልቧ እዚህ አረፈ ማለት ነው።

የላከችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊጎበኙን እንደሚመጡ በስልክ የነገሩን መጋረጃው በተሰቀለ በሳምንቱ ነው። «ሥራውን አያለሁ፤ መቆየታችሁን ወይም መነሣታችሁን ከዚያ በኋላ እንወስናለን» አሉ።

ይህን ለጉባኤው ስነግር እማማ ከፊት ወንበራቸው ተነሡ። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩ አዋላጅ ነበሩ። በዚህ አካባቢ እሳቸው ዘቅዝቀው ይዘው ያላስለቀሱት ሰው ማግኘት ስለሚከብድ፣ ማንም ቀና ብሎ አይመልስላቸውም።

«ከእናንተ በፊት የነበሩትንም እንዲህ ብለው ነው የወሰዱብን» አሉ። «አንዱ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ‹ሰው የለም፣ ፍሬ የለም› አለና ይዟቸው ሄደ። እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ? ቅጠል ነኝ?»

«እማማ፣ ጌታ ያውቃል» አልኳቸው።

«ጌታማ ያውቃል። የማያውቀው ሰውዬው ነው።»

እውነት ለመናገር እኛ ሁላችን ተሰብስበን ሁለት አግዳሚ ወንበር አንሞላም። የቀሩትን ወንበሮች የምናስታውሳቸው አቧራ ስንጠርግ ነው።

የዚያን ቀን እማማ ከጉባኤ ሲወጡ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በትራቸውን ይዘው ጎሚስታው ዘንድ ገቡ። ጎሚስታው ፀጉሩ የሸበተ ጎልማሳ ነው፤ ከኛ ጋር ግድግዳ እንጂ ሃይማኖት አይጋራም። እኔ ወንበር እያስተካከልኩ የሚያወሩት በግድግዳው በኩል ተቆራርጦ ይደርሰኛል።

«ሰው አምጣልኝ አልኩህ!»

«ኧረ እማማ፣ ከየት አባቴ ላምጣ? እኔ ጋ የሚመጣው ጎማ ነው።»

«ጎማው ብቻውን እየተንከባለለ ነው የሚመጣው?»

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ የዋሁ፣ ወንጌል እየመሰከሩለት መስሎኝ ቤት ስገባ ለባለቤቴ «እማማ በረቱ» አልኳት።

«የእማማ ብርታት ያስፈራኛል» አለችኝ።

ሽማግሌው የተከራዩትን መኪና ራሳቸው እየነዱ በተባለው እሑድ ደረሱ። መንገድ ዳር አቁመው እኔን አቅፈው ሳሙኝና አብረን ገባን። ስንገባ ደነገጥኩ፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ነጠላ ጫማ ያደረገ አለ፣ የገበያ ዘንቢል የታቀፈች አለች፣ የኳስ ማሊያ የለበሰ አለ። ሁሉም አኩርፈዋል፣ ሁሉም በእጃቸው የመኪና ቁልፍ ይዘዋል። እማማ ከፊት ተቀምጠው ወደ ኋላ ሳይዞሩ ይዘምራሉ።

«ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው በጆሮዬ። «ትሑት ነህ ልጄ። በስልክ ጥቂቶች ነን አላልከኝም?»

ወደ መድረክ ወጣሁ። ያዘጋጀሁት ስብከት፣ እንዳጋጣሚ፣ ስለ ትዕግሥት ነበር።

«ወገኖቼ፣ መጠበቅ ከባድ ነው» ስል ጀመርኩ።

«በጣም እንጂ!» አለ ከኋላ አንድ ባለታክሲ።

«ሰው ‹እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?› ይላል።»

«እኛም የምንጠይቀው እሱን ነው!» አለች ባለዘንቢሏ። አዳራሹ በሙሉ እንደ አንድ ሰው «አሜን!» አለ። በአገልግሎት ዘመኔ ሰው ስብከቴን እንዲህ ከልቡ ተቀብሎት አያውቅም። ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ያን ጊዜ ነው በመስኮቱ ውጪውን ያየሁት። ከጎሚስታው ደጅ አንሥቶ እስከ መንገዱ መታጠፊያ መኪኖች በክሪክ ተነሥተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸው ጎድሎ ተደርድረዋል። ነገሩ ገባኝ። ባለቤቴንም አየኋት፤ እሷም ገብቷት ሳቋን ለመያዝ የመዝሙር መጽሐፉን ፊቷ ላይ አድርጋለች።

ስብከቱን እንደምንም ጨረስኩና ሽማግሌው ተነሡ።

«የተወደዳችሁ» አሉ፣ መሐረባቸውን እንደያዙ። «ዛሬ ያየሁትን በሕይወቴ አልረሳውም። ይህች ቤተ ክርስቲያን በሁለት እግሯ ቆማለች! ከእንግዲህ ሞግዚት አያስፈልጋትም። ስለዚህ መምህርንና ባለቤታቸውን ገና ምንም ሰው ወደሌለበት ቦታ እንወስዳቸዋለን።»

ባለቤቴ መጽሐፉን ከፊቷ አወረደች። ሳቁ የለም። እማማ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሰው ካነሰ መምህሩን ይወስዱብኛል ብለው ሰው አመጡ፤ ሰው በዛ ተብሎ ልንወሰድባቸው ነው።

እኔ ሁለት ቢላ ጉሮሮዬ ላይ ነው። እውነቱን ብናገር እኚህን አሮጊት በሰው ፊት አዋርዳቸዋለሁ። ዝም ብል ሻንጣ ማሰር ነው። «እ...» ብዬ ስጀምር የእማማ በትር ወለሉን መታ።

«ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለሽማግሌው አልታወቀም፤ ሁለታችንም ተቀመጥን። «ይሄ ሁሉ ሰው የኛ አይደለም። ውሰት ነው።»

«የምን ውሰት፣ እማማ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጎማቸውን አስፈትቼ ነው ያስገባኋቸው። ‹እስኪያልቅ ውስጥ ቁጭ በሉ› አስብዬ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መምህር አያውቅም። ውሸት ነው፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

ባለታክሲው ብድግ አለ። «ቆይ ቆይ! ጎማዬን ሚስማር ወግቶታል አልተባልኩም እንዴ? ሚስማሩን በዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔም አይቻለሁ!» አለ ባለማሊያው። «ጫፉ የተጣመመ ነው።»

«የኔም የተጣመመ ነበር!» አለች ባለዘንቢሏ።

ሁሉም ዞረው፣ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ሥር የቆመውን ጎሚስታ አዩት። ለካ ለሁሉም ያሳያቸው አንዱን ሚስማር ነው።

አዳራሹ ተናወጠ። ቁልፍ ያልወረወረ የለም፣ ጎሚስታው ማምለጫ ሲያማትር እማማ እንደገና በትራቸውን አነሡ። «ዝም በሉ! ምን ያስጮኻችኋል? ሁላችሁንም ራቁታችሁን አውቃችኋለሁ!» ባለታክሲው ቀድሞ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ወደ ውጪ ወጡ። ተከተልኳቸው። የተከራዩት መኪናም በክሪክ ተነሥቶ አንድ ጎማ ጎድሎታል።

«የኔንም?» አሉ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እማማ ‹የቆመ መኪና እንዳታልፍ› ብለውኛል። ማን የማን እንደሆነ መች አየሁ?»

ጎማው ሁሉ በተራ እስኪገጠም ማን የት ይሄዳል? ሰዉ እግረኛ መንገዱ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። ባለቤቴ ሻይ አፍልታ አዞረች። ሽማግሌው አሮጌ ጎማ ላይ፣ እማማ ደግሞ ከአዳራሹ በወጣ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽማግሌው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ በጸጥታ መናገር ጀመሩ።

«እማማ፣ ቤቱ ሲሞላ ቆማለች ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። አሁን ግን አልተሳሳትኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሷን የምትከስ እናት ያላት ጉባኤ፣ መምህሯ ቢሄድም አትወድቅም።»

እማማ ሻዩን አስቀመጡት። «እንዴት ነው ነገሩ? ስዋሽም ትወስድብኛለህ፣ እውነት ስናገርም ትወስድብኛለህ?»

«እንደሱ አይደለም፣ እማማ...»

«እንግዲያው ምነው አፌን በያዝኩ!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የእማማን እንባ ያየ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ጎሚስታው እንኳ ብሎን ማጥበቁን አቆመ። ባለቤቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሽማግሌው ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ። በመጨረሻ «እሺ» አሉ። «እነ መምህር ለጊዜው ይቆዩ። እኔ ግን በየወሩ መጀመሪያ እደውላለሁ፤ የምደውለውም ለእርስዎ ነው። ‹ጉባኤዋ በርትታለች፣ ደርሳለች› ያሉኝ ዕለት ያን ጊዜ እወስዳቸዋለሁ። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ከእንግዲህ ወዲያ ውሸት ከአፌ አይወጣም» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው።

ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ስልኩ ሲደወል አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ገና ነን» ይላሉ። «ምን ብርታት አለ? ትናንት እንኳ ከአንድ ወንድም ጋር ተጣልቼ፣ በመምህር ፊት ነው የተጯጯህነው።» እውነት ነው፣ ተጯጩኸዋል። ወንድም የተባለው ጎሚስታው ነው፤ አሁን እሑድ እሑድ ከኋላ ይቀመጣል። እንደ መምህርነቴ ሁለቱንም መገሠጽ ይገባኛል፤ እስካሁን አመቺ ጊዜ አላገኘሁም። ወር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጎሚስታው ሥራውን ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእማማ ደጅ ላይ ይቆምና ቆቡን አውልቆ ይጠይቃል፤

«እማማ፣ ያለፈው በወንበር ነበር። ዛሬ በምን እንጣላ?»