ከእምብርቱ ቀጥሎ ያለችው መስመር

ሥራዬ የዓሣ ዕድሜ መቁጠር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ በላይ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ከተገኘ፣ ዓሣ ጆሮው ውስጥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጠጠር እንዳለችው፣ ጠጠሯም እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት እንደምትጨምር አስረዳዋለሁ። ሞቃቱ ወቅት ሰፊና ነጣ ያለ፣ ብርዱ ቀጭንና ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል። ጠቆር ጠቆር ያሉትን የቆጠረ የዓሣውን ዕድሜ አወቀ። የምርምር ጣቢያው ሰዎች «የጆሮ ሐኪሟ» ይሉኛል። በሽተኞቼ በሙሉ ሞተው ነው የሚመጡልኝ፤ እስካሁን አንዱም አላማረረብኝም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭንቅላት ሰንጥቄያለሁ። ጠጠሯን በወረንጦ አወጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ሙጫ ውስጥ ተክዬ በስሱ እቆርጣታለሁ፣ መስታወት ላይ ለጥፌ በአጉሊ መነጽር አነባታለሁ። አሠራራችን ጥብቅ ነው። መስታወቱ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም አይጻፍም፤ የዓሣው ርዝመት፣ የተያዘበት ቦታና ወሩ ሁሉ ይደበቃል። እኔ አንብቤ ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበታለሁ፤ ሁለተኛው አንባቢ የኔን ሳያይ ያነባል፤ ከዚያ ይመሳከራል። ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ይገጥም ነበር። ይህን ቁጥር በየሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እናሰፍረዋለን፤ እኔም እንግዳ ሲመጣ ሳልጠየቅ እናገረዋለሁ። ሁለተኛውን አንባቢ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከእሱ በፊት የነበሩትንም እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል፤ መለኪያው ራሱ ጠማማ ቢሆንስ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ተቀጠረች። ንግግሯ በጠብታ ስለሆነ «ጭጭ» አልናት፤ ስሙን ወዳዋለች መሰለኝ፣ ምንም አላለችም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሃያ መስታወት የያዘ ትሪ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። እንደ ሌላው ቀን አነበብኩ፤ ሁሉም ሁለት ዓመት። ሁለተኛው አንባቢም ሁለት ሁለት ብሎ ጻፈ። ጭጭ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ አመሳከረቻቸው፤ ከዚያ መጋረጃውን ጋርዳ ሰማያዊውን መብራት አበራች።

«እነዚህ ዓሦች የአሥራ አራት ወር ናቸው» አለችኝ።

የሠራችው እንዲህ ነው። የምናጠናው ቀዩ ዓሣ ከእንቁላል በወጣ በሁለት ሳምንቱ፣ ገና በባሕር ሣር መሃል ሳለ፣ ትንንሾቹን ሰብስባ ቀለም ባለው ውሃ ነክራ መልሳ ለቀቀቻቸው። ቀለሙ ጠጠሯ ውስጥ ይቀራል፤ በተራ ብርሃን አይታይም፣ በሰማያዊው ግን እንደ ፍም ይበራል። ከአሥራ አራት ወር በኋላ በመረብ ከተያዙት ዓሦች መካከል ቀለም ያለባቸውን ለይታ፣ ተራ ቁጥር ሰጥታ፣ ሳትነግረን አስነበበችን። አሁን በአጉሊ መነጽሩ ሳይ የጠጠሯ እምብርት ላይ ቀለሙ ይበራል፤ ከእሱ ውጭ ሁለት ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ የመጣው ብርድ ግን አንድ ብቻ ነው።

ከእምብርቱ ቀጥሎ ያለችው መስመር የብርድ አልነበረችም። ትንንሾቹ በስድስተኛ ወራቸው ሣሩን ትተው ወደ ጥልቁ ይወጣሉ፤ አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ለሳምንታት ይራባሉ፤ ጠጠሯም ያንን ትመዘግባለች። ረሃባቸውን እንደ አንድ ዓመት ስቆጥር ነው የኖርኩት። ያስተማረኝ ሽማግሌ «ይህችን እንዳትዘያት» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ላስተማርኳቸው ሁሉ እንዳትዘሏት አልኩ። ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይላሉ። እሱ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ጠንቃቃ ሰው ነበር፣ ለመንቀል የሞከረ የጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩ ጣቢያው ውስጥ ቢቀር ኖሮ የሃያ ሁለት ዓመት ንባቤን አንድ አንድ ዓመት እየቀነስኩ አርሜ፣ ጡረታ እወጣ ነበር። አልቀረም። ከስድስት ዓመት በፊት ላይኛው ባሕረ ሰላጤ ለአምስት ዓመት ለመረብ ተዘግቶ ነበር። አምስት የሆነው፣ ቀዩ ዓሣ መጀመሪያ እንቁላል የሚጥለው በአምስት ዓመቱ ነው ብዬ እኔ ስለጻፍኩ ነው። አንድ ትውልድ ሳይነካ ይደግ፣ ይውለድ ተባለ። ለካ አራት ይበቃ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እዚያ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አራቱን ዓመት የሰው ግድግዳ እየቀባ፣ ያገኘውን እየሠራ ጀልባውን ይዞ ቆየ። በአምስተኛው ዓመት ሸጣት። አሁን የበረዶ ፋብሪካ ዘበኛ ነው። ይህን ሂሳብ ለመሥራት አጉሊ መነጽር አላስፈለገኝም። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፣ አጣሁ።

ለኃላፊያችን በዚያው ቀን ነገርኩት። በሳምንቱ በአጥማጆች ማኅበር አዳራሽ ታችኛው ባሕረ ሰላጤ ለስንት ዓመት እንደሚዘጋ ይወሰን ነበር፤ ቁጥሩን የምናቀርበው እኛ ነን። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ አሰበና፣ ለታችኛው አራት ብለን እንጻፍ አለኝ፤ ዘዴያችን ተሻሽሏል እንበል፤ ላይኛው ከተከፈተ ዓመት ሆኖታል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አጥማጆቹ አንዴ እምነት ካጡብን ከእንግዲህ የትኛውንም መዝጊያ አይቀበሉም፤ ያኔ የሚያልቀው ዓሣው ነው አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሐሳቡን ይዤው ቤቴ ገባሁ፤ ጠዋት ስነሳም ያው ትክክል መስሎ ታየኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድሜ ሄድኩ። በዘበኛ ቤቱ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ የተገለበጠ ሣጥን አለ፤ ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝ። ዓሣ ስትቆጥሪ ሰው መጠየቅ ረሳሽ ብሎ ቀለደብኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መስመሯ፣ ኃላፊው ስላለው ሁሉ። ስጨርስ እርግጠኛ መሆኔን ብቻ ጠየቀኝ፤ ነኝ አልኩት። በዚህ መሃል የጭነት መኪና መጣ። ተነሳ፣ ወረቀቱን አየ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፈ፣ ተመልሶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ስሸጣት ሚስቴ አንድ ዓመት ብቻ ታገሥ ብላኝ ነበር» አለ። «የለም፣ አንድ ዓመት ብዙ ነው አልኳት።»

«ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።»

«እኔማ ወንድምሽ ነኝ፤ ምን አደርግሻለሁ? ሌሎቹ ግን ወንድሞችሽ አይደሉም። እኔን እዚህ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ ጠይቀሽ፣ እነሱን ልትዘያቸው ነው የመጣሽው?»

እንደዚያ ብዬ አስቤ አልመጣሁም። እሱ ሲለው ግን የመጣሁት ለዚያው እንደነበር ገባኝና ተቆጣሁ፤ እሱንም ራሴንም። እሱ ቁጣዬን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሚያውቀው እስኪወጣልኝ ጠበቀ።

«ስብሰባው ላይ ተናገሪ» አለ። «እኔም እመጣለሁ። ካንቺ ጎን ግን አልቀመጥም።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ስብሰባውን ከከፈተ በኋላ የጠጠሯን ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራሁና መስመሯን በዱላ አሳየሁ። ላይኛው ባሕረ ሰላጤ ያለ ምክንያት አንድ ዓመት በትርፍ ተዘግቶ እንደነበር፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ታችኛው አራት እንደሚበቃው ተናገርኩ። ኃላፊው ጫማውን ያያል። የፈራሁት ጩኸት አልመጣም። አንድ ሰው ትርፏ ዓመት ዓሣውን ጠቅማው እንደሆነ ጠየቀ፤ በመጠኑ ጠቅማዋለች አልኩ። ከኋላ አንዱ እንኳን ደስ ያለው አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ፣ ሳቁ ወዲያው ቆመ።

ወንድሜ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ከድሮ ባልንጀሮቹ መሃል ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ተመራማሪዋን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «በዚያች ትርፍ ዓመት ውስጥ ጀልባቸውን የሸጡ ስንት ናቸው?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ወደብ ሄጄ የጀልባ ምዝገባውን አንድ በአንድ አይቼዋለሁ፤ ሪፖርቱ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

«አሥራ አንድ» አልኩ።

«እኔንም ቆጥረውኛል?»

«እርስዎንም ቆጥሬያለሁ።»

ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሰው ዞሮ «ይጻፍልን» አለ። ሰውየው ወደ ኃላፊያችን አየ፤ ኃላፊው ስላልከለከለው እስክሪብቶውን አነሳ። ወንድሜ ሰውየው ጽፎ እስኪጨርስ አልተቀመጠም። እኔም አልተቀመጥኩም።