ሰባቱ ነጭ ዳፎዲሎች

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ቀስ በሉ» ነው የሚላት። ቀስ የምትለው ግን ለአበባ ብቻ ነው፤ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ ከጠየቃት ፊቷ ይቀያየራል። ከቤቷ ጓሮ ባለው የመስታወት ቤት ውስጥ ብርዱ ሳይለቅ የሚያብቡ አበቦች ታበቅላለች፤ ከሁሉ አስበልጣ ዳፎዲል። እንደ ሽንኩርት ካለ ሥር ይወጣል፤ ስድስት የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ሲኒ የተቀመጠች ይመስላል። ሰው የሚያውቀው ቢጫውን ነው። እሷ ቢጫውን «የሁሉም ሰው» ትለዋለች፣ ትንሽ በንቀት።

የአንዱን አበባ ዱቄት በስዕል ብሩሽ አንስታ ሌላው ላይ ትቀባለች፤ ዘሩን ለቅማ ትዘራለች፤ ከዚያ እስኪያብብ ስድስት ዓመት ትጠብቃለች። እኔ አውቶቡስ ስድስት ደቂቃ ሲዘገይብኝ የምነጫነጭ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ከሷ በላይ የማደንቀው ሰው የለም።

ዘንድሮ ሰባት ነጭ ዳፎዲሎች፣ ሲኒያቸው ሮዝ ቀለም የሆነ፣ በአንድ ሳምንት ተከፈቱላት። የምትመኘው ከሲኒው አልፎ ሙሉ በሙሉ ሮዝ የሆነ ዳፎዲል ነው፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰባቱን እርስ በርስ ልታዳቅል ወስናለች። «ሲያብቡ የማያቸው የመጨረሻዎቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ስድስት ጨምሪበት» አለችኝ፣ የገበያ ዝርዝር የምትነግረኝ ያህል።

ያው ቅዳሜ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ ታገባለች። እቅፍ አበባዋን አክስቴ እንድትሠራላት የለመነችው ከወራት በፊት ነበር። አርብ ከሰዓት ሥራው ለኔ ተሰጠ፦ ድርብርቦቹን ክሬም ዳፎዲሎች ለብቻቸው ባልዲ ውስጥ፣ ሮዝ ቀለም ያላቸውን የቱሊፕ አበቦች ደግሞ ሌላ ባልዲ ውስጥ አሳድሪ ተባልኩ። የተቀጠፈ ዳፎዲል ከግንዱ ዝልግልግ ውሃ ያወጣል፤ አብሮት የቆመውን ሌላ አበባ ይገድላል። ይህን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ግን የራሴም ጉድ ነበረብኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አክስቴ ብሩሹን ሰጥታኝ ባዳቀልኩት ዘር የበቀለች አንዲት ዳፎዲል እዚያው መስታወት ቤት ጥግ ላይ ልትከፈት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ! ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። ያገኘሁትን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቄ ወደ እሷ ሮጥኩ፤ እስኪመሽ ግን አልተከፈተችም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም።

ጠዋት ቱሊፖቹ በሙሉ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው። ክው አልኩ። ሙሽራዋ አራት ሰዓት ላይ ትጠብቃለች፤ ሌላ ሮዝ ቀለም ያለው የተቀጠፈ አበባ በቤቱ የለም።

አክስቴ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። ወደ መስታወት ቤት ገባች። ስከተላት የመጀመሪያውን ነጭ ዳፎዲል ከግንዱ ቀንጥሳለች።

ክንዷን ያዝኩ። የኔን ውሰጂ አልኳት፤ እኔ የሚመጣው ዓመት አለኝ።

«አንድ አበባ እቅፍ አይሞላም» አለች፤ ሁለተኛውን ቀነጠሰች። «ደግሞ ዳፎዲል ለዘመዱ ክፉ አይደለም፤ ከክሬሞቹ ጋር ይስማማሉ።»

«ዘሩስ? የዓመቱ ዘርሽስ?»

«ልጅቷ የምታገባው ዛሬ ነው።» ሰባተኛውን ክንዷ ላይ አስተኛችው። «እኔ የመጀመሪያ አበባዬ ሲከፈትልኝ በሩን ሳልዘጋ ቀርቼ የእናቴን አበባ ሁሉ ውርጭ ጨርሶታል። ዱላዋ ትዝ አይለኝም፤ ያ የራሴ አበባ ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው። ስንጨርስ ሂጂና የራስሽን አበባ ቁጭ ብለሽ እዪው።»



እቅፉን ስናስር ከሰባቱ መሀል ዱቄት የሚይዙትን ቀጫጭን ክሮች በቅንድብ መንቀያ ነቀልኩ። የሙሽራዋን ቀሚስ እንዳያቆሽሽ ነው አልኳት። ውሸትም አልነበረም። እቅፉ ሲያልቅ ራቅ ብዬ አየሁት፦ ክሬሞቹ ድርብርቦች ዙሪያውን ሞልተው፣ ሮዝ ሲኒዎቹ በመሀላቸው ብቅ ብቅ ብለው። ቱሊፖቹ በሕይወት ቢኖሩም እንዲህ አያምርም ነበር። አክስቴ ራሷ ታቅፋ ወሰደችው፤ መንገዱን ሁሉ እንደ አራስ ልጅ እንደያዘችው ልብስ ሰፊው በኋላ ነገረኝ።

እኔ የነቀልኳቸውን ክሮች ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው። ሌሊት የተከፈተችው የኔዋ አበባ ፊት ቁጭ አልኩ። ነጭ ናት፤ ግን የአበባ ቅጠሎቿ ሥራቸው ላይ፣ ሲኒው በሚነሳበት ቦታ፣ ሮዝ ፈሶባቸው ወደ ላይ ሊወጣ የጀመረ ይመስላል። አክስቴ በሠላሳ ዓመት ሙከራ ቅጠል ላይ ሮዝ አግኝታ አታውቅም።

ቀትር ላይ ክሮቹ ተከፍተው ወርቃማ ዱቄት ሆነዋል። የኔዋ የራሷን ዱቄት እንዳትቀበል ክሮቿን ነቀልኩ። ከዚያ ብሩሹን የሰባቱ ዱቄት ውስጥ ነከርኩና መሀሏ ላይ ቀባሁ፤ በጣም በዝግታ። ክር አሰርኩባትና ካርድ አንጠለጠልኩ፦ እናት፣ የኔዋ። አባት፣ የአክስቴ ሰባቱ።

አክስቴ ተመልሳ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን አነበበች። ጎንበስ ብላ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አየች። ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ስድስት ዓመት መሞት የለም ማለት ነው።»