የጋሽ ሱሩር ዓሣዎችና የጀሪካኑ ሌባ

ጋሽ ሱሩር ገበያተኛ ይስባል ብለው ጋምቤላ ከተማ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቃቸው ውስጥ አኳሪየም አስቀመጡ። ባሮ ከአፍንጫቸው ሥር እየፈሰሰ ዓሣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚያስመጣ ሰው ከእሳቸው ሌላ የት ይገኛል! ሙቀቱ የመስታወቱን ውሃ መምጠጥ ሲጀምር የቧንቧ ሠራተኛውን ኦቻንን ጠሩ።

ኦቻን መላ አያጣም። ከጓሮው በር አጠገብ ከሥሯ ቧንቧ ያላት ጀሪካን አኖረ። የአኳሪየሙ ውሃ ሲጎድል ተንሳፋፊዋ ኳስ ትወርዳለች፣ ትንሿ ፓምፕ ትነሳለች፣ ከጀሪካኗ እየሳበች ትሞላለች። ወይዘሮ ኛቴኒ ደግሞ ባሮ ዳር በሚያሠሩት ሎጅ ትልቅ አኳሪየም ሊያሠሩት አስበው፣ የሱሩርን ልይና እወስናለሁ ብለውታል። ያ ሥራ ለኦቻን የዕድሜ ልክ ስም ነበር።

ምን ዋጋ አለው! በየቀኑ ጀሪካኗ ባዶ፣ ወለሉ እርጥብ፣ ፓምፗ ደርቃ ስትጮህ ትገኛለች። ዓሣዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው አፋቸውን ይከፍታሉ። ኦቻን ጎማውን ቀየረ፣ ኳሷን ፈታ፣ መገጣጠሚያውን በማስቲሽ ደፈነ። ቆሞ ሲያያት ጠብ አይላትም፤ ዞር ሲል ባዶ ናት። ጋሽ ሱሩር ግን የኦቻን ሥራ ያፈሳል እያሉ ለገበያው ሁሉ አወሩ። ወሬው ሎጁ ደረሰና ወይዘሮ ኛቴኒ ሌላ ባለሙያ እንደሚፈልጉ ላኩበት።

ኦቻን አንጀቱ ቆሰለ። ጋሽ ሱሩርን፣ ጀሪካኗ ጤነኛ ናት፣ ሌባ አለ፣ ዛሬ አድፍጠን እንያዘው አላቸው። እሳቸውም ሌባ ሲባል ደማቸው ፈላ። ኦቻን ከፍሪጅ ካርቶን ኋላ ተሸሸገ፤ እሳቸው ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው፣ እጁ ይሰበር፣ ውሃው ሆዱን ይንፋው እያሉ ሲራገሙ ዋሉ።

የዐሥር ሶላት አዛን ተሰማ። ጋሽ ሱሩር እርግማናቸውን አቋርጠው ተነሡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ በቀጥታ ወደ ጀሪካኗ ሄደው ቧንቧዋን ከፈቱ። ለካ እዚያ ቦታ ላይ ለዓመታት ለሶላት የሚታጠቡባት የውዱእ ጀሪካናቸው ነበረች የምትቀመጠው፤ እሷን ጓሮ አውጥቶ የዓሣዎቹን በቦታዋ የተካው ራሱ ኦቻን ነው። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ። ሙቀቱ በርትቶባቸው ስለነበር ራሳቸውን ደጋግመው አራሱ፤ እግራቸውንም እስኪበቃቸው ታጠቡ።

ኦቻን ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን የሠፈሩ ልጅ ነውና ውዱእ ላይ ያለን ሰው አያቋርጥም፤ ከንፈሩን ነክሶ ጠበቀ። እሳቸው ሲሰግዱ ፓምፗ ደርቃ ትጮህ ጀመር። ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ ሊገድለው ደረሰ።

ጋሽ ሱሩር ሶላታቸውን ጨርሰው እየሮጡ መጡ። «አየኸው?»

«አየሁት፣ ጋሽ ሱሩር።»

«ማነው ያ ባለጌ?»

«ባለጌስ አይደሉም። ሶላት የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። እግራቸው ገና አልደረቀም።»

ጋሽ ሱሩር ወደ ታች አዩ። እርጥቡ የእግር ዱካ ከጀሪካኗ ተነሥቶ በመስገጃው በኩል እሳቸው ጋ ደርሶ ቆሟል። ከጢማቸው የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ከሱቁ ወጡና ገበያው መሃል ቆሙ። ኦቻንን ሲያሙበት ከነበረው ድምፅ ባላነሰ ድምፅ ተናገሩ።

«ወይዘሮ ኛቴኒ፣ የኦቻን ሥራ ጠብታ አያፈስም። ሌባው እኔ ነኝ።»