ሁለተኛው ማንኪያ

…እና በሕይወቴ እምላለሁ፣ በቀረችኝ በሽራፊዋ ሕይወት፣ አንዲት ቃል ከጨመርኩ ነፍሴ ከዚችው አግዳሚ ወንበር ሳትነሳ ትውጣ፣ ሁሉም እውነት ነው፣ ግድግዳው ሲተነፍስ ማየቴም እውነት ነው፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ የተቀባ የሆስፒታል ግድግዳ፣ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይሟሽሻል፣ እንደተኛ በሬ፣ እኔም አየዋለሁ፣ አያስፈራኝም፣ ምንም አይለኝም። ምንም። እጄ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል፣ የማን እጅ እንደሆነ እንጃ፣ በጠባሳው ነው የለየሁት፣ አርባ ዓመት ባና የሸመነ እጅ ነው፣ የደብረ ብርሃንን ሰው ሁሉ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ያለበሰ እጅ፣ እንደምን አደርክ ልለው ጥቂት ቀረኝ።

ከበሩ ወዲያ በሰለች አለች። ሚስቴ። አብረን አምሳ አንድ ዓመት። ጡቷ ላይ የጀመረው ካንሰር አጥንቷ ከገባ ወዲህ ሦስት ዓመት ሳትስቅ የቆየች ሴት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔኑ አይታ ይሄ ሰውዬ ማነው ያለች፣ ጣሪያው ወረደብኝ ያለች፣ ልቧ ነጠላዋን እያነሳ ሲጥለው በዓይኔ ያየሁት። ናዝራዊት፣ ልጃችን፣ መምህርት ናት፣ ክፍል ውስጥ እያለች ብደውልላት ጠመኔዋን እንኳ ሳትጥል መጣች፣ እናቷን በባጃጅ ጫንናት፣ ይሄው አሁን አጠገቤ ቆማለች፣ ጠመኔው አሁንም እጇ ላይ ነው፣ ጣቷ ነጭ ሆኗል።

ምን ቀመሱ ይላል ሐኪሙ፣ ዶክተር ምስጋና፣ ልጅ ነው፣ ጺሙን ብቆጥረው ሃያ አይሞላም፣ ዛሬ ጠዋት እናታችን ምን ቀመሱ፣ ገንፎ እላለሁ፣ የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ሌላስ አባቴ፣ ሌላማ ምን ይኖራል ልጄ፣ ያው የሕመም ክኒኗን ነው፣ የባህል መድኃኒትስ፣ አይ። አይ አልኩ። አፌ ደርቋል፣ ምላሴ የባና ቁራጭ ሆኖ ላንቃዬ ላይ ተለጥፏል፣ አይ የምትለዋን ያወጣኋት በስንት ትግል፣ ለአንድ ውሸት እንዲህ ደክሜ አላውቅም።

ናዝራዊትን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። እኔን ጆሮው የከዳው ሽማግሌ አድርጎ ነው፣ ጆሮዬ ግን ዛሬ አንኮበር ገደል ላይ ጭላዳ ሲያዛጋ ይሰማል። ሕመሙ ጭንቅላታቸው ደርሶ ይሆናል ይላል፣ አዲስ አበባ ሄደው በማሽን መታየት አለባቸው፣ አምቡላንስ አስጠርቻለሁ፣ መንገዱን እንዲችሉት የሚያስተኛ መርፌ እንሰጣቸዋለን፣ ቤተሰብም… ቤተሰብም ራሱን ቢያዘጋጅ። ጠመኔው ተሰበረ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ናዝራዊት አታለቅስም፣ ትንፋሿ ብቻ መስታወቱ ላይ ይመጣል ይሄዳል፣ አሁን እኔ ማልቀስ ነበረብኝ፣ ወይ ተነስቼ መጮህ፣ አውቃለሁ፣ ማወቁን አውቃለሁ፣ አይሰማኝም እንጂ። ጭንቅላቷ አልደረሰም። ቅቤው ነው።

ቅቤው።

ሞላልኝ ነው ያመጣልኝ፣ አብሮ አደጌ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ወገቡን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው፣ አያ ባየው እንካ ትንሽ ጋንጃ ናት፣ እኔ ለወገቤ አንዳንዴ እስባታለሁ፣ በምነዳበት ቀን ግን አልነካትም፣ አንዴ ነክቼ ጣርማ በር ዋሻ ብገባ ዋሻው ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ሦስት ቀን፣ ወጥቼ ሰዓቴን ሳይ ሁለት ደቂቃ። ስማኝ ደግሞ አለ፣ የሚበላው እንደሚጨሰው አይደለም፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ አልሠራም ብለህ ከደገምክ ሁለቱ ተያይዘው ይመጡብሃል፣ ለጋ ልጅ ካለበት ቤትም አርቀው፣ የእኔ ታናሽ በአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮት ይሄው በሠላሳው ስሜን ጠራ እያለ ሬዲዮ ይደበድባል። ሰማህ? ሰማሁ አልኩ። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት ይገባበት የለ፣ በኮሰረቱ ቦታ እሱን ጨመርኩት፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ወንድ ቅቤ ሲያነጥር ማን አይቶ፣ ምን ይሸተኛል ስትለኝ የአንኮበር ኮሰረት ነው አልኳት፣ የአንኮበር ከተባለ ታምናለች፣ አገሯ ነው። የጋንጃውን ጭራሮ በአጥር ወዲያ ጣልኩት፣ የጎረቤታችን የፋንቱ በግ በላው፣ ዓይኔን ይንሳው ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ቆሞ ደመና ሲቆጥር ዋለ፣ ለፋሲካ የያዘችው ሙክት ነበር፣ እንዲህ የሚያስብ በግማ አላሳርድም ብላ ማረችው። ዛሬም አለ። እንዴት አደርክ ስለው ያስባል።

እና ረዳት፣ እሱን አልክድም፣ በማንኪያ ጫፍ ገንፎዋ ላይ ጠብ ሳደርግላት ተኛች፣ ዓመት ሙሉ ትራስ ስትነክስ ያደረች ሴት፣ ጠዋት ራበኝ አለች። ራበኝ! ሕመሙ ሄደ ወይ በሴ፣ አልሄደም፣ እዚያው አለ፣ ግን ራቅ ብሏል፣ ጎረቤት ቤት እንደሚያለቅስ ሕፃን። ወር ሙሉ እንዲህ ሆነች። አንድ ቀን የጉሙን ባና ነገርኳት፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ በግ መስሎኝ ሸለትኩት፣ አምጥቼ ባና ሸመንኩት፣ ለአንድ የደነባ ነጋዴ ሸጥኩለት፣ ሰውየው ለብሶት ተኛ፣ ፀሐይ ስትወጣ ባናው ተነስቶ ወደ ሰማይ ሄደ፣ ነጋዴው ራቁቱን፣ ባናዬን መልስ ባናዬን መልስ እያለ ደመና ሲያሳድድ ዋለ። ማን ፈተለልህ ጉሙን አለች። አንቺ ነሻ። ለዚያ ነዋ እስከ ዛሬ ጣቴን የሚቆረጥመኝ፣ አለችና ሳቀች። በሰለች ሳቀች። ጉንጯ ላይ የነበረችው ጉድጓድ ከየት መጣች፣ የቀበርናት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅቤውን የማነጥረው ለሕመሟ ይሁን ለሳቋ፣ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ማንኪያ። የጉሙን ባና ጀመርኩ። አልሳቀችም፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው፣ ጠበቅኩ፣ ቅቤው ደክሟል አልኩ፣ ጨምርልኝ አለች፣ ጨምርልኝ ባየው፣ ትልቁን የወጥ ማንኪያ ሞልቼ ጨመርኩላት፣ ሳህኑ ላይ የተረፈውን እኔ ጠረግኩት፣ ቅቤ አይጣልማ።

ተናገር ይለኛል አንደኛው ባየው። ሁለተኛው ባየው ፖሊስ ጣቢያውን ያያል፣ ናዝራዊት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያነባል፣ ከአደንዛዥ እፅ ራሳችንን እንጠብቅ፣ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የራስ ቅል ሥላበታለች። ሦስተኛው ባየው ርቦታል፣ አያፍርም፣ ሚስቱ በር ወዲያ ሆና ትኩስ ዳቦ ያስባል። ሦስቱንም አያቸዋለሁ፣ የትኛው እኔ እንደሆንኩ የሚነግረኝ የለም።

የአምቡላንሱ ሞተር ግቢው ውስጥ ተነሳ። ነርሷ መርፌውን በሳህን ይዛ መጣች፣ ከእኔ እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው፣ አራቱ እርምጃ ግን ከሰላ ድንጋይ እስከ ደነባ ሆነ፣ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ አትደርስም፣ ተመስገን አትደርስም፣ እግሬን ፈልጌ አገኘሁት፣ ቆምኩ። ቅቤው ነው አልኩ።

የምን ቅቤ? ጋንጃ ቅቤ ውስጥ አንጥሬ አብልቻታለሁ፣ ሁለት ማንኪያ፣ ጭንቅላቷ ደህና ነው፣ እንዳትወጉብኝ። ናዝራዊት ዞረች። አባዬ። በእመቤቴ፣ ለዛሬ እንኳ ተረት ይቅርብህ። ተረት አይደለም ልጄ። የጉም ባና፣ የሚያስብ በግ፣ አሁን ደግሞ የሚያሳብድ ቅቤ፣ እናቴ እየሞተችብኝ ነው እኮ አባዬ! ዶክተር አይስሙት፣ ሲጨንቀው እንዲህ ነው። ሰባ አራት ዓመት ያወራሁትን ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ሰምቶኛል፣ ይቺን አንዷን ግን ልጄ ጆሮዋን ያዘችብኝ፣ በእናትሽ እምላለሁ እላታለሁ፣ በእናቴ አትማል ትላለች፣ ነርሷ በሩን ገፋችው።

ዶክተሩ ግን ቀረበኝ። ባትሪውን ዓይኔ ላይ አበራ፣ ዓይኔ በርበሬ ነው መሰለኝ፣ ያን የማን እንደሆነ የማላውቀውን እጅ አንስቶ ሰዓቱን አየ። እርስዎም በልተዋል አባቴ? ጠርጌዋለሁ ልጄ። ሲስተር፣ መርፌው ይቆይ አለ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣም አይሰማኝም፣ ሕመም እንደሚያስታግስ እኔም አውቃለሁ አለ፣ ልኩን ማን ለካው ግን፣ በእሳቸው ዕድሜ ልብ እንዲህ ሲጋልብ ሊቆም ይችል ነበር፣ እኔም ሳላውቅ በዚያ ላይ የሚያስተኛ መድኃኒት ብደርብበት ትንፋሻቸውን… አለና ተወው። ክኒኑ አልረዳትም ብለው ቢነግሩኝ እኮ ጠንከር ያለ እሰጣቸው ነበር አባቴ። አልረዳትም። አንዲት ቃል። እኔ ባየው፣ ቃል አጥሮኝ የማላውቅ፣ ያቺን ለማንም አላልኳትም። ያውቃሉ እሳቸው ምን እንደሚበሉ? ይለኛል። ኮሰረት ነው ያልኳት፣ ግን ራሷ ናት ጨምርልኝ ያለችው፣ አልኩት። ጻፈው።

ናዝራዊት የተሰበረውን ጠመኔ ኪሷ ከተተች፣ ፊቷን ከእኔ አዞረች፣ የስንት ቀን ዝምታ እንደሆነ ከጀርባዋ ለማንበብ ሞከርኩ፣ ረጅም ነው።

አጠገቧ ይቀመጡ አለኝ ዶክተሩ፣ መብራቱን ቀንሱላቸው፣ እያየናቸው ያልፍላቸዋል፣ ብቻዬን ነኝ ሲሉ ነው ፍርሃቱ የሚብሰው፣ ቀስ ብለው ያውሯቸው፣ ያገኙትን ያውሩ። ያገኙትን! ተቀመጥኩ። እጇን ያዝኩ፣ አሁን ሁለት የማን እንደሆኑ የማይታወቁ እጆች ሆኑ፣ ጣቷ ስር ልቧ ይጋልባል፣ ማነህ አንተ አለች፣ ሸማኔ ነኝ አልኳት፣ አንድ ቀን ጣርማ በር ላይ ጉሙ እንዴት ወፍሮ ነበር መሰለሽ፣ በግ መስሎኝ። ጨርሼ ደገምኩት። ሰለስኩት። አንድ ጊዜ ነጋዴውን የደነባ፣ አንድ ጊዜ የሰላ ድንጋይ አደረግሁት፣ ሰዓቱ ይሂድ ይቁም እንጃ፣ የመስኮቱ ፀሐይ ከአልጋው እግር እስከ ጉልበቷ ወጣች፣ ግልቢያው ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው እርምጃ ሆነ፣ ዶክተሩ ገብቶ አየ፣ አምቡላንሱ ይመለስ አለ፣ ናዝራዊት በሩ ላይ ስትንሸራተት፣ መሬት ስትቀመጥ፣ አሁን ገና ስታለቅስ ሰማሁ። እኔ አይሰማኝም። ለአምስተኛ ጊዜ ጉሙን እሸልታለሁ።

እኔ ነኝ የፈተልኩት። ዓይኗን ሳትገልጥ ነው ያለችው። አንቺ ነሽ እላታለሁ፣ አንቺ ነሽ በሴ። ባየው? ባየው ነኝ። አፌን ደረቀኝ ባየው፣ ምንድን ነው ያበላኸኝ?

ውኃውን አነሳሁ። የጉሙ ባና እውነት ነው፣ ደመና የሚቆጥረው በግም እውነት ነው፣ ሂዱና ፋንቱን ጠይቁ፣ ግድግዳው እስካሁን ይተነፍሳል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት የፈጠርኳት፣ ዶክተሩም የጻፋት። ጨምርልኝ አላለችም። በቃኝ ነው ያለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በቃኝ ባየው፣ እኔ ነኝ ምናልባት ትስቅ ይሆናል ብዬ ማንኪያውን ወደ አፏ የመለስኩት።