ሦስተኛው ግብዣ

አርቪድ ሊንድኲስት ከገና ጀምሮ የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ጃኔል «አባዬ፣ ና ከእኛ ጋር ኑር» እንድትላቸው።

ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አሪዞና፣ ሜሳ ከተማ፣ ሽማግሌና አሮጊት ብቻ በሚኖርበት የታጠረ መንደር ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የመጡት ከሚስታቸው ከቬርና ጋር የሚኒሶታን ብርድ ሸሽተው ነው። ሰሜን ያለውንም ቤት ያኔ ሸጡት። ቬርና ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ግን አስከሬኗ ወደ ሚኒሶታ ተመልሶ፣ ጃኔል በምትኖርበት ሐይቅ ዳር፣ ከወላጆቿ ጎን ተቀበረ። እሳቸው ቀብረው በማግስቱ አውሮፕላን ተሳፍረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣለት ፀሐይ በየጠዋቱ በመስኮት ሲገባባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

ይህንን ለማንም ተናግረው አያውቁም። በጥር ወር ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ወለሉ ላይ መተኛታቸውንም አልተናገሩም። ጉንጫቸው ወለሉ ላይ ተጣብቆ፣ የማቀዝቀዣውን እዝዝ የሚል ድምፅ እያዳመጡ ያሰቡት ሞትን አልነበረም። ስንት ቀን ቆይቶ ማን እንደሚያገኛቸው ነበር ያሰቡት። በኋላ እንደምንም የወንበሩን እግር ይዘው ተነሡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ሾርባ አሞቁ። ማታ ጃኔል ስትደውል «ደህና ነኝ፣ እዚህ ምን ይጎድላል» አሏት።

እንግዲህ «ታዲያ ለምን አይነግሯትም?» ትሉ ይሆናል። በእነ አርቪድ አገር፣ በሰሜን ሰዎች ዘንድ አባት ልጁን «ቤትሽ አስገቢኝ» አይልም። ይጋበዛል። ሲጋበዝም አንዴ እምቢ ይላል፣ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ይህን ያህል ካላችሁ» ብሎ ይነሣል። በመጀመሪያው እሺ የሚል ይሉኝታ የሌለው ሰው ነው። ቡና ሲቀርብም እንዲሁ ነው፣ ኬክ ሲቆረስም እንዲሁ ነው። ሳህኑ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሣ አይገኝም። አንዱ ግማሿን ይወስዳል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ ኋላ ሳህኑ ላይ የምትቀረው ለወፍም አትበቃ።

የትምህርት ቤቱ የጸደይ እረፍት አንድ ሳምንት ነው። ሰሜን በረዶው ገና ጉልበት ድረስ ሳለ፣ በመጋቢት አጋማሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እነ ጃኔል በነጭ የኪራይ መኪና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጃኔል፣ ባሏ ዌስ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ብሪታና የስድስት ዓመቱ ኮል። ልጆቹ ከብርድ አገር እንደመጣ ሰው ሁሉ ወተት መስለው ነጥተዋል። ኮል አያቱን አቅፎ ሳይጨርስ ልብሱን እያወለቀ ወደ መዋኛው ገንዳ ሮጠ።

ጎረቤትየው ዱዌን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ተመለስ፣ ጎረምሳው» አሉት። «እዚህ መንደር ልጅ መሆን የሚፈቀደው ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። ከሰባት በኋላ ሁላችንም ሽማግሌ ነን።»

ዱዌንም ሚስታቸውን የቀበሩ፣ የሰሜን ዳኮታ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ብርቱካን የሞላ ከረጢት ይዘዋል።

«ውሰድ፣ አርቪድ። ለእንግዶችህ።»

«ኧረ ተወው፣ ለራስህ አስቀር።»

«እኔ ስኳሬ መች ይፈቅድልኛል። ውሰድ።»

«የባለፈውም አላለቀ።»

«ዛፉ ሊሰበር ነው፤ ውሰድ ብያለሁ።»

«እንግዲህ ካልክ» አሉ አርቪድ ከረጢቱን ተቀብለው።

ዌስ ሻንጣ እያወረደ ይስቃል። ትልቅ፣ ደግ፣ ድምፁ የጎላ ሰው ነው። «ጋሽ አርቪድ፣ ከመጀመሪያውም ዓይንዎ ብርቱካኑ ላይ ነበር፤ ምን አደካከማችሁ? እኛ ጋ ቴክሳስ፣ ሰው አንዴ አልፈልግም ካለ ባለብርቱካኑ ይዞ ቤቱ ይገባል።»

«ለዚህ ነዋ ቴክሳስ የማልሄደው» አሉ ዱዌን፣ ሁሉም ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት አርቪድ ምድጃው ላይ ቆመው ለልጆቹ ፓንኬክ ይጋግራሉ። ጃኔል ማቀዝቀዣውን ከፍታ ቆየች። ውስጡ አንድ እንቁላል፣ አንድ ሽንኩርት፣ ለአንድ ሰው የተሠራ የታሸገ ምግብ ተደርድሯል። ዘጋችውና በጀርባዋ ተደግፋው ቆመች።

«አባዬ፣ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ዌስ አድሶታል። መስኮቱ ሐይቁን ያሳያል። ለምን ከእኛ ጋር አትኖርም?»

የአርቪድ ልብ ዘለለ። ፊታቸውን እንዳታይባቸው ወደ መጥበሻው አጎነበሱ። ጃኔል ያየችው ጀርባቸውን ብቻ ነው።

«ኧረ እኔን የት ታደርጉኛላችሁ፤ እናንተ ራሳችሁ ጠቧችኋል።»

«ባዶ ነው እያልኩህ።»

«እስቲ ቁርስሽን ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አሉ። በሆዳቸው ግን፣ አንድ፣ ብለው ቆጠሩ። የዚያን ቀን መዋኛው ዳር ቁጭ ብለው ኮል ውሃ ሲረጫቸው እንኳ አልሸሹም።

ረቡዕ ቤዝቦል ሊያዩ ሄዱ። ከሜዳው ማዶ ካለው የሣር ዳገት ላይ ብርድ ልብስ አነጠፉ። ዌስ ልጆቹን ይዞ ምግብ ሊገዛ ሲሄድ አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ጃኔል ሣር እየነጨች ቆየችና፣

«አባዬ፣ የሰኞው የምሬን ነው። ብቻህን መሆንህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች።

በጥር ወር መውደቃቸውን ሊነግሯት አፋቸው ድረስ መጣ። ዋጡት። «ብቻዬን ነኝ እንዴ? ዱዌን አለ አይደል።»

«ዱዌን ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፣ አባዬ። አንዳችሁ ብትወድቁ ማን ያነሣችኋል?»

«ደግሞ ምን አደርጋለሁ እናንተ ጋ? እግር በእግር እየተጋረጥኩባችሁ። ዌስም ሰላሙን ይፈልጋል።»

«ዌስ ምንም አይልም።»

«ጥሩ ሰው ስለሆነ ነዋ የማይለው።»

ጃኔል ከባርኔጣዋ ሥር ትክ ብላ አየቻቸው። «እሺ» አለች ቀስ ብላ፤ ፊቷንም ወደ ሜዳው መለሰች። አርቪድ ያ «እሺ» ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አልሰሙም። እሳቸው የሰሙት፣ ሁለት፣ የሚለውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉራቸውን ተቆረጡ። ከቁም ሳጥኑ ሥር የድሮውን የብርድ ካፖርት አወጡና አራግፈው ከጓሮ በር ላይ ፀሐይ እንዲመታው ሰቀሉት። ከላይኛው ኪሱ የቬርና አንድ ጓንት ወጣ። መልሰው ከተቱት።

ዱዌን በአጥሩ ላይ ሆነው ካፖርቱን አዩ፣ የተቆረጠውንም ፀጉር አዩ። «ሦስተኛውን አለችህ?»

«ገና ናት።»

«ሐሙስ ነው እኮ። ቅዳሜ ሊሄዱ።»

«ነገ እራት ላይ ትለኛለች። እናቷም ትልቅ ነገር ያላት እንደሆነ ለእራት ነበር የምታቆየው።»

«አንተ ራስህ ለምን አትላትም?»

«ምን ብዬ?»

ዱዌን አገጫቸውን ፋቁ። «እሱን እኔም አላውቅበትም» አሉ።

ዓርብ በልጆች ሰዓት መዋኛው ዳር ተቀምጠዋል። ኮል ይንቦጫረቃል። ብሪታ ፎጣ ተከናንባ ከአያቷ ወንበር አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። 

«አባባ፣ እኛን አትወደንም እንዴ?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

«እማዬ ረቡዕ ማታ ሱቅ ስንሄድ መኪና ውስጥ አለቀሰች። ሁለቴ ጠየቀችህ፣ ሁለቴ እምቢ አልካት። ‹እናቴ ብትሆን አንዴ ትደግመው ነበር፣ እኔም ልድገምለት› አለች። አባዬ ግን፣ ‹ሁለቴ አልፈልግም ያለን ትልቅ ሰው ሦስተኛ መጨቅጨቅ ማዋረድ ነው። እዚህ ደስ ብሎታል፤ ተዪው በክብሩ ይኑር› አላት።»

አርቪድ የወንበሩን ክንድ ያዙ። «እሷስ ምን አለች?»

«‹ልክ ነህ መሰለኝ› አለች።» ብሪታ የፎጣዋን ጫፍ ጠመዘዘች። «ከዚያ አባዬ ትናንት ቴክሳስ ለእናቱ ደወለ። ስለ ክፍሉ ነግሯት ሳይጨርስ ‹መቼ ልምጣ?› አለችው። ትምህርት ሲዘጋ ትመጣለች። ንገሪው አልተባልኩም፤ አልነገርኩህም፣ እሺ?»

«አልነገርሽኝም» አሉ።

አንዲት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አሮጊት ከማዶ ሰዓታቸውን እያሳዩ እጃቸውን አወዛወዙ። ሰባት ሰዓት ሆኗል። ኮል ከውሃው ሊወጣ አልፈለገም። ብሪታ ናት እየጎተተች ያወጣችው። አርቪድ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክረው በሦስተኛው ተነሡ።

ቤት ሲደርሱ ዌስ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ጃኔል ከጋራዡ ያወጣችውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ለበጎ አድራጎት ሱቁ ሊወስድ ይጭናል። የተሰበረ ማራገቢያ፣ የቬርና የአበባ ማስቀመጫዎች፣ የማያገለግል ሬዲዮ አለ። ዌስ የጓሮውን በር በጣቱ አመለከተ።

«ጋሽ አርቪድ፣ ያ ካፖርት ለመስጠት ነው የወጣው? እዚህ አገር ምን ያደርግልዎታል፤ ልውሰድልዎ?»

አርቪድ ካፖርቱን አዩት። ነፋስ የለም፤ ሰው እንደለበሰው ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

«ውሰደው» አሉ። አንዴ ብቻ ተጠይቀው።

ጓንቱን ከኪሱ አውጥተው ያዙ። የቀረውን ዌስ አጣጥፎ ማራገቢያው ላይ ጫነው።

እራት ላይ ጃኔል የእናቷን ምግብ ሠራች፤ የተፈጨ ሥጋ ከድንች ጋር በምድጃ የተጋገረ። ሁሉም በላ። ስለ አውሮፕላኑ ሰዓት፣ ስለ መንገዱ፣ ሰሜን ሌላ በረዶ ይጥል እንደሆነ ተነጋገሩ። አርቪድ ዓይናቸውን ከልጃቸው አፍ ላይ አላነሡም። ምናልባት፣ አሉ በልባቸው፣ ምናልባት አሁን። ጃኔል ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ትንሽ ልጨምርልህ?» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ስንብቱ እንደ ወጉ ረዘመ። መጀመሪያ ወጥ ቤት ተሰነባበቱ፣ ቀጥሎ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ መኪናው አጠገብ። ዌስ ሞተሩን አስነሥቶ ሰዓቱን አየ፤ ግን ይህን እንኳ ለምዶታል። ጃኔል መስኮቷን ዝቅ አደረገች። አርቪድ በሁለት እጃቸው የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ። በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን ነገር ሊሉ ነው።

«ጃኔል… ያ ያልሽው ነገር። እኔም ወደዚያ ብመጣ ባልጠላሁ ነበር።»

ጃኔል እጃቸው ላይ እጇን ጫነች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ ለእኔ ብለህ እንደሆነ ተወው። እንዳይከፋኝ ብለህ ነው፤ አውቅሃለሁ። ሁለቴ ጠየቅኩህ፣ ሁለቴ ነገርከኝ። ገብቶኛል እኮ። ከአሁን ወዲያ አላስጨንቅህም።»

«አይ፣ የምሬን—» አሉና ከኋላ ወንበር ብሪታ ስታያቸው አዩ። ክፍሉ እንደተያዘ አሰቡ። የዌስን እናት አሰቡ፤ እሳቸውን ማን ያፈናቅላል። «ውሰጂኝ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው። ከምላሳቸው ሥር ያገላብጧታል፤ አልወጣ አለች።

«አይ፣ እንዲያው ነው» አሉ። «መንገዱን ቀስ ብላችሁ ሂዱ።»

«ደስ ብሎሃል አይደል እዚህ፣ አባዬ?»

«መጥፎ አይደለም።»

ጃኔል ከፊት ይልቅ ቀለል ያላት መስላ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ነው መሸከም ያቃታቸው። መኪናው ወደ ኋላ ወጣ፣ ተጠመዘዘ፣ ኮል በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ከዘንባባዎቹ ጥግ ተሰወረ።

ዱዌን አጥራቸው አጠገብ ቆመው ነበር።   ሁለቱም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተለያዩ።

ቤቱ ውስጥ ገና የልጆቹ የመዋኛ ክሎሪን ይሸታል። አርቪድ ከአልጋዎቹ ላይ አንሶላዎቹን ገፈፉ፣ አጠቡ፣ በቅርጫት ተሸክመው ጓሮ ወጡ። አራት ናቸው። ቀስ ብለው ነው የሚያሰጡት፤ አንዱን ዘርግተው መቆንጠጫ ፈልገው፣ ጥቂት አርፈው፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። አራተኛውን አስጥተው ዞር ሲሉ የመጀመሪያው ደርቋል። ነኩት፤ ትኩስ ነው፣ ደርቆ ቆርቆሮ ሆኗል። አወረዱትና አጣጠፉት። ሁለተኛውንም፣ የቀሩትንም አጣጠፉ። ከዚያ የሚሠራ ሌላ ነገር አልነበረም፣ ገናም ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር።